ቀዩ ዘይት፦ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት በቤት ሲቀየር

(የመግቢያ ሙዚቃ)

የዛሬው ዝግጅታችን መኪና ላላችሁ፣ በተለይም አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላት መኪና ለምትነዱ ነው። የሞተር ዘይት በየጊዜው መቀየር እንዳለበት የማያውቅ ባለመኪና የለም። ጋራዥ ገብታችሁ «ዘይት ቀይርልኝ» ስትሉ መካኒኩ የሚረዳው የሞተሩን ዘይት ነው። ከሞተሩ ጎን ተቀምጦ መኪናዋን የሚያስኬዳት የካምቢዮ ዘይት ግን ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር ሲነዳ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። የሚታወሰው ካምቢዮው አልገባም ያለ ዕለት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ወጪው የዘይት መሆኑ ይቀርና የሙሉ ካምቢዮ ይሆናል።

ይህን ዘይት በገዛ ግቢያችን፣ በገዛ እጃችን እንዴት እንደምንቀይር እንነጋገራለን። ለምሳሌ የማነሣው ብዙዎቻችሁ የምታውቋትን፣ እኛ አገር «ኤክስኪዩቲቭ» እያልን የምንጠራትን፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2000ዎቹ መጀመሪያና አጋማሽ የተሠራችውን ቶዮታ ኮሮላ ነው። ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ ናት፤ የካምቢዮ ዘይት መለኪያ ዘንግ አላት፤ ለጀማሪ ከእሷ የተሻለች መማሪያ አላውቅም።

ጉዳዩ ዛሬ ከትናንትናው የበለጠ አንገብጋቢ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱን ታስታውሳላችሁ። በእጃችን ያለችውን የቤንዚን መኪና ሽጠን በሌላ የቤንዚን መኪና እንተካታለን ማለት እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። ከዚህም በላይ አብዛኞቹ መኪኖቻችን ሌላ አገር ሲነዱ ኖረው የመጡ ናቸው። ሊብሬው ላይ የተሠሩበት ዓመት አለ፤ የካምቢዮ ዘይታቸው መቼ እንደተቀየረ የሚናገር ወረቀት ግን አብሮ አልመጣም። የማታውቁት ከሆነ አልተቀየረም ብላችሁ ተነሡ። ይህ ነው የእኔ ምክር።

አሁን ዘይቱ በካምቢዮው ውስጥ ምን እንደሚሠራ እንይ፤ ይህ የገባው ሰው የቀረውን ሁሉ በቀላሉ ይረዳዋል።

በማንዋል መኪና ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ፍሪሲዮን ነው፤ በእግራችን እንረግጠዋለን። በአውቶማቲክ ያ ፔዳል የለም። በቦታው ቶርክ ኮንቨርተር የሚባል፣ ከውጭ ሲያዩት ድፎ ዳቦ የሚያህልና የሚመስል ክብ የብረት ዕቃ አለ። በውስጡ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ባለ ክንፍ ተሽከርካሪዎች አሉ። አንዱ ከሞተሩ ጋር ይዞራል፤ ሲዞር ዘይቱን እየወረወረ ሌላውን ያዞረዋል። ከቆማችሁበት ስትነሡ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ብረት አይደለም፤ ዘይት ብቻ ነው። መኪናዋን ከመብራት ላይ የሚያስነሣት፣ ዳገቱን የሚያስወጣት ኃይል በዚያ ቀይ ዘይት ውስጥ ያልፋል።

ሥራው በዚህ አያበቃም። ማርሽ የሚቀያየረው በካምቢዮው ውስጥ ተደራርበው በተቀመጡ፣ የፍትጊያ ልባስ ባላቸው ስስ ክብ ሳህኖች ነው። እነዚህን ሳህኖች አጥብቆ የሚያጣብቃቸው የዘይት ግፊት ነው። ፓምፑ ዘይቱን ይገፋል፤ ቫልቮቹ ወዴት እንደሚሄድ ይመሩታል። ይኸው ዘይት ጥርሶቹንና ኩሽኔታዎቹን ያለሰልሳል፤ ሙቀታቸውንም ተሸክሞ ወደ ራዲያተሩ ይወስዳል። በራዲያተሩ ታንከር ውስጥ ለእሱ ብቻ የተሠራች ማቀዝቀዣ ቱቦ አለች።

እንግዲህ አስተውሉ። ዘይቱ ጥርሶቹን ማንሸራተት አለበት፤ ሳህኖቹን ደግሞ ሳያንሸራትት ማስያዝ አለበት። ሁለት ተቃራኒ ሥራ ነው። የካምቢዮ ዘይት ከሞተር ዘይት የሚለየውም፣ አንዱ የካምቢዮ ዘይት ከሌላው የካምቢዮ ዘይት የሚለየውም በዚህ ነው። ታሪኩም ይህን ያሳያል። የጄኔራል ሞተርስ ኦልድስሞቢል እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1939 ለ1940 ሞዴሉ «ሃይድራማቲክ» የተባለውን ካምቢዮ ይዞ ወጣ፤ በብዛት ተመርቶ ለገበያ የበቃ የመጀመሪያው ሙሉ አውቶማቲክ እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ በአሜሪካ የካምቢዮ ዘይት ውስጥ ፍትጊያውን እንዲያስተካክል ይጨመር የነበረው ስፐርም ከሚባለው ዓሣ ነባሪ የሚገኝ ዘይት ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያ ዓሣ ነባሪ ከምድረ ገጽ እንዳይጠፋ ሲባል ዘይቱ በሕግ ታገደ። መሐንዲሶቹ ምትክ ሲፈልጉ ቀላል አልሆነላቸውም፤ ትንሽ የምትመስለው ቅመም ስትለወጥ የካምቢዮው ጠባይ ሁሉ ይለወጥ ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው «ዘይት ዘይት ነው፣ ያገኘኸውን ጨምር» ቢላችሁ አትስሙት።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ሥራው እንግባ። ከመግዛታችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ የዘይቱን ዓይነት ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለነበሩት ብዙዎቹ ቶዮታ አውቶማቲኮች የታዘዘው «ታይፕ ቲ ፎር» የሚባለው ነው፤ ኋላ ለመጡት ደግሞ «ደብሊው ኤስ» የሚባለው። ደብሊው ኤስ ቀጠን ያለ ነው፤ አንዱ በሌላው ቦታ ይገባል ብላችሁ አትገምቱ። የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ካለ በውስጡ ተጽፏል። ከሌለም በብዙ ቶዮታዎች የመለኪያው ዘንግ ራሱ ላይ የዘይቱ ስም ተቀርጿል፤ ጠርጋችሁ አንብቡት። ቀለሙን አይታችሁ ግን አትወስኑ። ቀይ ቀለም የሚጨመርበት የፈሰሰው የሞተር ዘይት ይሁን የካምቢዮ በቀላሉ እንዲለይ ነው፤ ስለ ዓይነቱ የሚናገረው ነገር የለም።

ቪትዝ የምትነዱ በጣም አዳምጡኝ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ2005 ወዲህ ለጃፓን ገበያ ከተሠሩት ቪትዞች ብዙዎቹ ሲቪቲ የሚባል ካምቢዮ ያላቸው ናቸው። መሪው አጠገብ ተቀምጣችሁ ስታዩት ከተራው አውቶማቲክ አትለዩትም፤ ያው ፒ፣ አር፣ ኤን፣ ዲ ነው። ውስጡ ግን የሚቀያየር ማርሽ የለውም፤ የብረት ቀበቶ በሁለት ፑሊዎች መካከል ይሽከረከራል። የሚፈልገውም የራሱን የሲቪቲ ዘይት ነው። ተራ የአውቶማቲክ ዘይት ብትጨምሩበት ቀበቶው ይንሸራተታል፤ ፑሊውን ይፍቀዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠገን ነገር ብዙም አይቀርም። ዛሬ የምነግራችሁ አሠራር ለሲቪቲ አይደለም። መኪናዬ የትኛው ናት ብላችሁ የምትጠራጠሩ ከሆነ ሳታረጋግጡ ምንም ዓይነት ዘይት አትግዙ።

ሶማሌ ተራም ሆነ ሰፈራችሁ ካለ የመለዋወጫ መደብር ስትገዙ ያልተከፈተና ማሸጊያው ያልተነካ ዘይት ውሰዱ፤ ከበርሜል ተቀድቶ የሚሸጥ የካምቢዮ ዘይት ምን እንደሆነ ሻጩም አያውቀውም። ለኮሮላችን 4 ሊትር ይበቃል። አብራችሁ ለማፍሰሻው ብሎን የሚሆን አዲስ ሮንዴላ ግዙ። ዋጋዋ ኢምንት ነው፤ አሮጌዋን መልሶ ማሰር ግን የሚንጠባጠብ ካምቢዮ ያስከትላል።

ዘይቱን ከማፍሰሳችሁ በፊት ያለውን እዩ። ሞተሩ ሞቆ፣ መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ፣ ማርሹ ፒ ላይ ሆኖ ዘንጉን አውጡና ጫፉን ነጭ ሶፍት ላይ ንኩት። ጥሩ ዘይት ቀይ ሆኖ በሶፍቱ ላይ ሰፋ ብሎ ይዘረጋል። ያረጀው ቡናማ ነው፤ ይህ መቀየር አለበት እንጂ የሚያስፈራ አይደለም። ጥቁር ሆኖ፣ መሀሉ ላይ ጥላሸት ትቶ፣ ሲያሸቱት የተቃጠለ ከሸተተ ሳህኖቹ ራሳቸው ተቃጥለዋል ማለት ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሮዝ ሆኖ፣ ደፍርሶ፣ አረፋ ይዞ የሚወጣው ነው። ይህ ውኃ ገብቶበታል። ያቺ በራዲያተሩ ውስጥ ያለችው ማቀዝቀዣ ቱቦ ተበስታለች። እኛ ዘንድ ራዲያተር ውስጥ ኩላንት በማድረግ ፈንታ የቧንቧ ውኃ መሙላት የተለመደ ነው፤ ተራ ውኃ ከውስጥ ዝገት ያመጣል፤ ዝገቱም ቱቦዋን ይበላል። ውኃ የነካው የሳህን ልባስ ይላቀቃል። ሮዝ ዘይት ያየ ሰው መኪናዋን ሳያስነሣ አስጎትቶ ጋራዥ ያስገባት።

ዘይቱ ቡናማ ብቻ ከሆነ እንቀጥል። ከበረደ ሞተሩን አምስት፣ አሥር ደቂቃ ያህል አስነሥታችሁ ለብ ይበል፤ ለብ ያለ ዘይት ቶሎ ይወርዳል፣ ቆሻሻውንም ይዞ ይወርዳል። ከረጅም መንገድ እንደገባችሁ ግን አትንኩት፤ የሚወርደው ዘይት ቆዳ ይልጣል። ሞተሩን አጥፉ፤ የእጅ ፍሬን ያዙ፤ ከኋላ ጎማዎቹ በስተጀርባ ድንጋይ ወይም እንጨት ወሽቁ፤ ከዚያ ፊቷን በክሪክ አንሡ። ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም። በግራና በቀኝ የብረት መደገፊያ ሳታቆሙ ከመኪና ሥር አትግቡ። በድንጋይና በቸርኬ ተደግፋ የቆመች መኪና ሥር መግባት ሞትን መጥራት ነው፤ መደገፊያ ከሌላችሁ ጉድጓድ ያለው ጋራዥ ለአንድ ሰዓት ተከራዩ።

ከሥር ገብታችሁ ስታዩ ሁለት ማፍሰሻ ብሎን ታገኛላችሁ። አንደኛው የሞተሩ፣ ሁለተኛው የካምቢዮው ነው። ካምቢዮው በባትሪው በኩል ያለው ነው። ይህን መለየት የግድ ነው፤ የሞተሩን ዘይት አፍስሶ ካምቢዮው ላይ አዲስ ዘይት የሚሞላ ሰው በአንድ ቀን ሁለቱንም ሊያጣ ይችላል። ከ5 ሊትር በላይ የሚይዝ ሳፋ ከሥሩ አድርጉ፤ ጓንት አጥልቁ፤ ብሎኑን ፍቱ። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች በካምቢዮው ዘንግ ላይ ያያችሁትን ዘይት ከመሰሉ ካምቢዮው ነው። መፍሰሱ እስኪያቆም ታገሡ፤ ካምቢዮው ባዶ ሳለ ግን ሞተሩን ለአፍታ እንኳ እንዳታስነሡ። ከዚያ ብሎኑን በአዲሷ ሮንዴላ መልሳችሁ እሰሩት። ጠበቅ ይበል እንጂ በጉልበት አይታነቅ፤ ጥርሱ ከተላጠ ኮፓው፣ ማለትም ከሥር ያለው የዘይት መያዣ፣ ሊቀየር ነው።

አሁን የወጣውን ለኩ። በሳፋው ያለው ዘይት ሲበርድ ባለ 1 ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ እየቀዳችሁ ቁጠሩ። ከዚህች ኮሮላ የሚወጣው 3 ሊትር ገደማ ነው። የለካችሁትን ወዲያው ወደ ጀሪካን ገልብጡና ላዩ ላይ ጻፉበት። ቀይ ፈሳሽ በውኃ ጠርሙስ ተሞልቶ ግቢ ውስጥ ከተቀመጠ ልጆች ጭማቂ መስሏቸው ይጠጡታል። መርዝ ነው።

ለምን 3 ሊትር ብቻ? ካምቢዮው በጠቅላላ 7 ሊትር አካባቢ ይይዛል። የቀረው በቶርክ ኮንቨርተሩ፣ በቫልቮቹና በማቀዝቀዣው ቱቦ ውስጥ ነው፤ በዚህ ብሎን አይወርድም። አንድ ጊዜ ስትቀይሩ ከዘይቱ ወደ 43 በመቶ የሚሆነው አዲስ ይሆናል። ጥቂት ሳምንት ነድታችሁ ብትደግሙት አዲሱ 67 በመቶ፣ ብትሠልሱት 81 በመቶ ይደርሳል። እኔ የምመርጠው ይህን ቀስ በቀስ የሚደረግ መቀየር ነው። አንዳንድ ጋራዦች በማሽን እየገፉ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ያወጣሉ፤ ለዓመታት ላልተነካ ካምቢዮ ግን አልመክረውም።

ድፍረቱ ያላችሁ ኮፓውን ራሱን ልትፈቱ ትችላላችሁ። በውስጡ ማግኔቶች አሉ፤ የብረት ብናኝ እንዲለቅሙ ነው የተቀመጡት። ማግኔቱን በጣታችሁ ብትዳስሱት ግራጫ፣ ልስልስ፣ እንደ ቅባት ያለ ነገር ይዞ ታገኙታላችሁ። ያ የሳህኖቹና የጥርሶቹ የዓመታት ድካም ነው፤ ጤነኛ ካምቢዮ ውስጥም አለ። በጣት የሚያዝ ስባሪ፣ የሚወጋ ፍንጣሪ ካገኛችሁ ግን አንድ አካል እየተሰበረ ነውና ወደ ባለሙያ ሂዱ። ማግኔቱን ጠርጋችሁ ወደ ቦታው መልሱ፤ ጓርኒሲዮኑን በአዲስ ተኩ፤ ትንንሾቹን ብሎኖች በመስቀል እያፈራረቃችሁ በቀስታ እሰሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው ኮፓውን ባይፈታ ምንም አይደል።

አዲሱ ዘይት የሚገባው መለኪያው ዘንግ በወጣበት ቀዳዳ ነው። ቀጭን ቱቦ ያለው መቅጃ ያስፈልጋችኋል። የወጣውን ያህል፣ እንዲያውም ሩብ ሊትር አሳንሳችሁ፣ በቀስታ ጨምሩ። መኪናዋን ከመደገፊያው አውርዱ፤ አራቱም ጎማ ሜዳ ላይ ይሁን።

የዛሬው ትምህርት ዋናው ይህ የምነግራችሁ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የሞተር ዘይት የሚለካው ሞተሩ ጠፍቶ ነው። የቶዮታ አውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ግን ሞተሩ እየሠራ ነው የሚለካው። ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ወደ ኮፓው ይወርድና የሞላ ይመስላል፤ እውነቱን አታዩም። የሆንዳ ግን ተቃራኒ ነው፤ ሞቆ ከጠፋ በኋላ አንድ ደቂቃ ተኩል ሳይሞላ ይለካል። ሁልጊዜ የመኪናችሁን መመሪያ ተከተሉ።

ወደ ኮሮላችን እንመለስ። ሞተሩን አስነሡ። ፍሬኑን አጥብቃችሁ ረግጣችሁ ማርሹን ከፒ እስከ ኤል፣ በእያንዳንዱ ላይ ጥቂት ሰከንድ እያቆያችሁ አሳልፉት፤ ከዚያ ወደ ፒ መልሱት። ዘይቱ በየቦታው የሚዳረሰው በዚህ ጊዜ ነው። የእጅ ፍሬን ይዛችሁ ውረዱ፤ ኮፋኖው ሥር ስታጎነብሱ ነጠላም፣ ስካርፍም፣ የተለቀቀ እጅጌም ከሚሽከረከረው ፋን ይራቅ። ዘንጉን አውጡ፤ ክር በማይተው ጨርቅ ጥረጉ፤ እስከ መጨረሻው መልሳችሁ ክተቱ፤ እንደገና አውጥታችሁ አንብቡ። በዘንጉ ላይ «ኩል» እና «ሆት» የሚሉ ሁለት ክልሎች አሉ፤ የቀዝቃዛና የሙቅ ማለት ነው። ለጊዜው በቀዝቃዛው ክልል ውስጥ ይሁን። ከዚያ ዘይቱ በሚገባ እስኪግል ወጣ ብላችሁ ንዱ። ትክክለኛው መለኪያ ዘይቱ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሲሞቅ የሚነበበው ነው፤ ያኔ በ«ሆት» ክልል ውስጥ መገኘት አለበት። ከጎደለ በጥቂት በጥቂቱ ጨምሩ።

መጉደልም መብዛትም ይጎዳል። ሲጎድል ፓምፑ አየር ይስባል፤ ግፊቱ ይወድቃል፤ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ አልሄድም ትላለች። ሲበዛ ደግሞ የሚሽከረከሩት ጥርሶች ዘይቱን ይመቱትና አረፋ ያደርጉታል፤ አረፋ ግፊት አይሸከምም። ከበዛ የጨመራችሁትን መልሳችሁ ቀንሱ፤ «ይሁን፣ ይትረፍ» አይሠራም። መለኪያ ዘንግ የሌላቸው አዳዲስ ካምቢዮዎች አሉ፤ የእነሱ ልክ የሚታወቀው የዘይቱን ሙቀት በመሣሪያ እያነበቡ፣ ትርፉ ከሥር ባለ ቀዳዳ ሲፈስ ነው። እነሱን በቤት ባትሞክሩ ይሻላል።

ብዙ ጊዜ የምንጠየቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ «አሮጌ ካምቢዮ ዘይቱ ሲቀየር ይሞታል ይባላል፣ እውነት ነው?» የሚል። ዘይቱ ሲቀየር የሞተ ካምቢዮ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የታመመ ነው። ሰው ዘይት ለመቀየር የሚያስበው ማርሽ ማዘግየትና መንሸራተት ሲጀምር ነው፤ ያኔ ልባሱ አልቋል፤ አዲስ ዘይት ያለቀ ልባስ አይመልስም። ጥፋቱ በመቀየሩ ሳይሆን በመዘግየቱ ነው። ስለዚህ ካምቢዮው ጤነኛ ሳለ ቀይሩ። በእኔ እምነት የአዲስ አበባን የቆመ ትራፊክና የእንጦጦን ዓይነት ዳገት ለምትቀምስ መኪና በየ60 ሺህ ኪሎ ሜትሩ መቀየር አይበዛባትም። ዓባይ በረሃን ወርዳችሁ ደጀን ወይም ጎሃ ጽዮን የምትወጡማ ከዚያም ብታቀርቡት አትጎዱም፤ ያ ረጅም ዳገት ዘይቱን ያግለዋል፤ የጋለ ዘይት ቶሎ ያረጃል።

የተቀየረበትን ቀንና የኪሎ ሜትር ንባብ፣ የዘይቱንም ስም ጽፋችሁ ኮፋኖው ሥር ለጥፉ። መኪናዋን የሚገዛችሁ ሰውም ያመሰግናችኋል።

የቀረው በጀሪካን ያለው አሮጌ ዘይት ነው። ወደ ቦይ፣ ወደ ቱቦ፣ ወደ ግቢያችሁ ጥግ አትድፉት። የአዲስ አበባ ወንዞች ወደ አቃቂ ይወርዳሉ፤ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅና ወደ አዋሽ ይሄዳል። በአቃቂ ዳርቻ በዚያ ውኃ ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ፤ ያ ጎመን ተመልሶ ወደ ገበያችን ይመጣል። የተቃጠለ ዘይት በበርሜል የሚያጠራቅሙ ጋራዦች በየሰፈሩ አሉ። ጀሪካኑን አሽጋችሁ ዛሬውኑ ውሰዱላቸው።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)